ማኪና የተሻገረበት ወንዝ

ይድረስ ለወንድሜ ለአያ ታከለ፤

ከተለየኸን ዓመት ሞላ። እናታችን ከሏን አልለወጠችም። ዳለቻው በሬህ ተሸጠ። የወታደር ኮትህ ከግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነው፤ የሚያወርደው ሰው ጠፋ።

ከኮርያ ዘምተህ የተመለስክ ጊዜ፣ የመንደራችን የድብ ባሕር ሰው ሊሰማህ ግቢያችንን ሞላው። የጦርነቱን ወሬ ሁሉ አመኑህ። ወንዙ በብርድ በረዶ ሆኖ ማኪና በላዩ ሲሻገር አየሁ ስትል ግን ሳቁብህ። አባባ አልሳቀም። «ለሞት ልከነው ውሸት ተምሮ መጣ» አለ በሰው ፊት። ከዚያ ወዲያ የኮርያ ነገር ካፍህ ሳይወጣ፣ ያ ሳል ይዞህ ሄደ።

በቀብርህ ዕለት አልቃሿ ምን እያነሳች እንደምታለቅስልህ ስትጠይቅ፣ አባባ እርሻህንና ከብትህን ነገራት። ባሕር መሻገርህን ዘለለው። ለወንዝህ ምስክር ልፈልግልህ ቆረጥኩ።

ጎንደር ትምህርት ቤቴ ስመለስ ስለ እስያ የሚናገር መጽሐፍ ፈለግሁ። የተገኘው ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበር። መዝገበ ቃላት ይዤ ታገልኩት፤ የአንዱን ቃል ፍቺ ሳገኝ የፊተኛው ይጠፋኛል። ቋንቋውን ከእናታቸው ጡት ጋር ለጠጡት የተጻፈ ነው እንጂ ለእኔ ቢጤ አይደለም። ሌላም ሞከርኩ፤ ያው ነው። በመጨረሻ ህንዳዊው የታሪክ መምህራችን ለምን እንደምፈልገው ጠይቆኝ ነገርኩት። ከአገሩ ያመጣውን፣ እንግሊዝኛ ለሚማሩ ልጆች የተዘጋጀ፣ ስለ እስያ የሚናገር ስስ መጽሐፍ አዋሰኝ። ዓረፍተ ነገሩ አጭር፣ ቃሉ የማውቀው። የነገሥታቱን ታሪክ ጨርሼ ስለ ኮርያ አገር ከሚለው ስደርስ ወንዝህን አገኘሁት። በብርድ ወራት በረዶ ይሆናል፣ ሰውና ጋሪ ይሻገርበታል ይላል፤ ከነሥዕሉ።

ለሙት ዓመትህ ይዤው መጥቼ ለአባባ እየተረጎምኩ አነበብኩለት። ደግመሽ አንብቢው አለኝ። ሥዕሉን በጣቱ ሲዳብስ ቆየና «ምነው ይኼ መጽሐፍ እሱ ሳለ በመጣ» አለ። «ምነው አንተስ ባመንከው» ልለው ብዬ ዋጥኩት።

ከዚያ አልቃሿን ጠርቶ፣ ወንዙን ሳታነሺ እንዳታለቅሺ አላት። አነሳችልህ። የሳቁብህ ሁሉ ደረታቸውን መቱ። እኔ ደስ ሊለኝ ሲገባ አላለኝም፤ የልጁን ዓይን ያላመነ ሰው ወረቀት አመነ፣ አንተም አልሰማህም።

መጽሐፉን ለመምህሩ እመልሳለሁ። ስምህ በተነሳበት ሁሉ ግን ያን ወንዝ አነሳዋለሁ፣ የሚስቅም ቢኖር። እኔ እንደሆነ፣ አያ ታከለ፣ መጽሐፍ ሳላይ ነበር ያመንኩህ።

እህትህ ጥሩወርቅ