ተጠርቦ የሚጠፋ ስም

ጥር 6፣ ጠዋት
«የመቃብር ድንጋይ ሠሪ ምን አለበት፣ ደንበኛው አያማርር!» የድንበሩ ቦዳ ቦዳ ሞተር ነጂ ነው፣ ለጓደኛው። ልክ ነው፣ ደብተሬ። እስከ ዛሬ ማንም ተነሥቶ አላማረረም። የሚያማርሩት እናቶች ናቸው።
እኔ ፊደሉን በከሰል እነድፋለሁ፤ ገልገሎ በመሮ ያወጣዋል። ጡረተኛ መምህርና የሚያስል ጠራቢ። ድርጅት ነን።

ከሰዓት
ወ/ሮ አስካለ፣ ባለሆቴሏ፣ መጡ። ልጃቸው ዳዊት በደላላ ወደ ደቡብ አፍሪካ ወጥቶ ነበር። ደላላው ደውሎ፣ መንገድ ላይ ሞተ ብሎ ዘጋ። ሬሳ የለም፣ ወረቀት የለም። ድንጋይ ይፈልጋሉ። ግን ፊደሉ ወደ ውስጥ እንዳይቦረቦር፤ ጎልቶ ይውጣ። ገልገሎ ለምን አለ። «ልጄ ከመጣ ጠርባችሁ ታጠፉልኛላችሁ። የተቦረቦረ አይጠፋም።»
ከሰሌን አነሣሁ።

ጥር 8
ገልገሎ ድንጋዩ ላይ ውሃ ያፈሳል፣ ቁጭ ብሎ ያያል። መጨረሻ የሚደርቀው መስመር ስንጥቅ ነው፤ ስም እዚያ አያርፍም። ውሃ ሲደርቅ አየን። ብዙ ስብሰባ ተቀምጫለሁ፤ ይሄኛው ውጤት ነበረው።

ጥር 13
ጎልቶ ማውጣት ማለት ስሙን አለመንካት፣ የቀረውን ድንጋይ ሁሉ ዝቅ ማድረግ ነው። ገልገሎ ፊደሌን አይቶ ሳቀ። «መምህር፣ ይሄ በልቶ አያውቅም እንዴ? አወፍረው፣ ይሰበራል።» አወፈርኩ። ዳዊት በሕይወቱ እንዲህ ወፍሮ አያውቅም።

ጥር 17
የ«ዊ» ቅጥያ ተፈናጠረች። ገልገሎ በቦረንኛ ተሳደበ፤ እኔን ይሁን ድንጋዩን አልለየሁም። ፊደሉ እንደ አዲስ እንዲወጣ ድንጋዩ ሁሉ እንደገና ዝቅ ይላል። አቧራ። ደም ያለው አክታ ተፋ፣ በእግሩ አፈር አለበሰው። ያላየሁ መሰልኩ። በቃ ቦርቡረን እንስጣቸው አልኩት።
«ሃፓና! አይሆንም!» መሮውን አላስቀመጠም። «ማማ ያዘዘችው ይሄን ነው። ሌላ ዕቃ ላስረክባት?»

ጥር 24
አለቀ። የሞተበት ቀን ቦታ ለስልሶ ባዶ ቀርቷል። ወ/ሮ አስካለ ፊደሉን በጣታቸው ተከተሉት። ጠርቦ ለማጥፋት ምን ያህል ይፈጃል? አሉ። አንድ ጠዋት፣ አላቸው ገልገሎ። ደስ አላቸው። ደስ ሲላቸው ማየት ከባድ ነው።

ጥር 26
ተክለነው መጣን። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከባላቸው ድንጋይ አጠገብ። ባልየው ናይሮቢ ደርሼ እመለሳለሁ ብለው የቀሩ ናቸው፤ ያኔ ድንጋዩን የሠራው የገልገሎ አባት ነው። የድንጋይ ሽበት፣ ነጣ ያለ ሻጋታ፣ ወርሶታል። በእጄ ዳሰስኩት።
የባልየውም ስም ጎልቶ የወጣ ነው።