አባትህ አይቶሃል ያልኩህ ቀን

ካዛንቺስ፣ አዲስ አበባ
ሰኔ 3 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለኪዱ፣

ይህን ደብዳቤ ቆመህ አታንብበው። መጀመሪያ ቁጭ በል። ለእረፍት መጥቶ የሚመለሰው የቡድን ጓደኛህ ሊካሳ ነው የሚያመጣልህ። ሲሰጥህ ብቻህን እንዳይተውህ አደራ ብዬዋለሁና አጠገብህ ቢቀመጥ አታባርረው።

ልጄ፣ አባትህ አርፏል። ዙሪያ ጥምጥም ሄጄ ልነግርህ አስቤ ነበር፤ አልቻልኩበትም። ያረፈው አንተ እዚያ ጣሊያን ብስክሌትህን ቀኑን ሙሉ ከፊት ሆነህ የጋለብክ ዕለት ጠዋት ነው። ጢሙን ተላጭቶ፣ ሸሚዙን ለብሶ፣ ጎረቤታችን ሀምዲያ ዲሽ ስላላት እሷ ቤት ጥሩውን ወንበር ቀድሜ ልያዝ ይላል። የዛሬው ውድድር ከሰዓት ነው፣ ምን አስቸኮለህ ብዬ ስቄበታለሁ። ጫማውን ሊያደርግ ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ልቡ ነው አሉን። አልተሰቃየም።

አጎትህ ግርማይ ወዲያው ሽማግሌዎቹን ሰብስቦ ልጁ እንዳይሰማ አለ። ውድድሩ ገና ቀናት ይቀሩታል፣ ያን ቁልቁለት እያለቀሰ ቢወርደው ሁለተኛ ሬሳ ልናነሳ ነው ተባለ። ወጣቶቹም ፌስቡክ ላይ እንዳይጽፉ ተነገራቸው። ስትመጣ ቡልጋሪያ ሰፈር እሱ ቤት ታድራለህ፣ ጎህ ሲቀድ ዘመድ ተሰብስቦ ያረዳሃል፣ ወጉም ይኸው ነው አሉ። እኔም ፈርቼ ስለነበር እሺ አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ፣ አክስትህ እጸገነት ጠጋ ብላ «ኪዱ ከፊት ወጥቷል» አለችኝ በጆሮዬ። ተነሳሁ። ለቀስተኛው ደከማት ብሎ መንገድ ለቀቀልኝ። ሀምዲያ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዘግታ ትጠብቀኛለች። ከብዙኃኑ ተነጥላችሁ አምስት ሆናችሁ ከፊት ነበራችሁ፤ ዳገቱ ላይ ጓደኞችህ አንድ በአንድ ቀሩና ብቻህን ሆንክ። እኔ መቼም ስለ ብስክሌት የማውቀው የሰንሰለት ቅባት ከሱሪ ላይ እንዴት እንደሚለቅ ብቻ ነው። ያ ሁሉ ሰው ከኋላህ እየቀረበ መሆኑ ግን ለእኔም ይታየኛል፤ አንተም ዘወር እያልክ ታያለህ። ባሌ ሞቶ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል፣ እኔ ሰው ቤት ወለል ላይ ተንበርክኬ በርታ ልጄ፣ ትንሽ ናት የቀረችህ እላለሁ። መስመሩ እየታየህ ደረሱብህ። ግራና ቀኝ አልፈውህ ሄዱ። ሀምዲያ ቴሌቪዥኑን አጥፍታ አቀፈችኝ።

ማታ ደወልክ። «አባዬ አየኝ?» አልክ። አጎትህ ከጎኔ ተቀምጦ ዓይኑን እኔ ላይ ተክሏል።

«አይቶሃል» አልኩህ።

«ምን አለ?»

አባትህ በወጣትነቱ ስለተወዳደረ፣ ቴሌቪዥን ላይ በሚያያቸው ጋላቢዎች ሁሉ ሲጮህባቸው ነው የኖረው። ያንኑ የሰማሁትን አልኩልህ፤ «ቶሎ ወጣህ ብሏል። የሰው ጀርባ ይዘህ ቆይ፣ መስመሩ ሲቀርብ ብቻ ውጣ ብሏል።» ልክ ነው አልክ። አቅርቢልኝ ስትለኝ ተኝቷል አልኩህ።

የመጨረሻው ቀን ያን ምክር ይዘህ ወጣህ። ሰው መሃል ተደብቀህ ቆየህ፣ እኔማ የቀረህ መስሎኝ ነበር። መጨረሻው ላይ በጎን ብቅ ብለህ በአንድ ጎማ ቀደምካቸው። ስትደውል እያለቀስክ ነበር። «ለአባዬ ንገሪው፣ ቆየሁ በዪው» አልከኝ። እነግረዋለሁ አልኩህ።

ምክሩን የሰጠሁህ እኔ ነኝ፣ ልጄ። አባትህ ለሌሎቹ ይለው የነበረውን ነው ወስጄ ላንተ ያልኩት። ድልህን ግን በዚህ ምክንያት እንዳትንቀው፤ እግሩ ያንተ ነው። ስላንተ በእውነት ያለውን ደግሞ ልንገርህ። ዋዜማውን እራት ላይ፣ ነገ ኪዱ ይወጣል አለኝ። ቢይዙትስ ብለው፣ «ቢይዙትም ይውጣ። ልጄን ፊት ፊት ሲሄድ ማየት ነው የምፈልገው» አለ። ይኼ ያለምንም ጭማሪ የራሱ ቃል ነው።

ባለፈው ሳምንት ያሸነፍክበትን ማሊያ በሱ ልክ ልታሠራለት ፈልገህ ቁመቱንና ወገቡን ጠየቅከኝ። ለክቼ እነግርሃለሁ ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። አጎትህ አሁንም እስኪመጣ ታገሺ ይለኛል። እኔ ግን ለሞተ ሰው ልብስ ይዘህ አውሮፕላን እንድትሳፈር ሆዴ እንቢ አለ። አጎትህና ሽማግሌዎቹ አያውቁም፣ ይህን የጻፍኩት ተደብቄ ነው። ስትመጣ ቡልጋሪያ ሲወስዱህ ሂድላቸው፣ አትቆጣቸው፤ ስለሚሳሱልህ ነው። የቅዱስ ቂርቆስ እናት፣ ልጇን በእሳት መሃል ያጸናች፣ አንተንም በሰው አገር ታጽናህ። እንባህን የሚያብስ ሰው አትጣ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ሰፈሩ ጀማነሽ ለባሏ አላለቀሰችም ብሎ ያማኛል። አልዋሹም። ድንኳን ውስጥም ሆነ ቂርቆስ ስንቀብረው ድምፄን አላወጣሁም። ማታ ስትደውል ጉሮሮዬ ተዘግቶ ከሰማኸኝ ታውቅብኛለህ ብዬ ዋጥ አድርጌው ነው የሰነበትኩት። ሊካሳ ደብዳቤውን እንደሰጠህ ለአክስትህ ይደውልላታል፣ እሷም ትነግረኛለች። ከዚያ በኋላ ስትደውል ድምፄ ተዘግቶ ብታገኘው፣ እናቴ ታመመች ብለህ አትደንግጥ። ለአባትህ አልቅሼ ነው።

እናትህ
ጀማነሽ