የጳጉሜ ደረሰኝ

ሰኞ፣ ጥር 4

የካሳ ጥያቄዬን ውድቅ አደረጉት! ይሄን ሁሉ ወር ጠብቄ አንድ ገጽ ደብዳቤ። ዕቃዎቹን የገዛሁት ክሱ ከሚመለከታቸው ዓመታት በፊት ነው ይላል። አንዱ ደረሰኝ ላይ ያለው ቀንማ ጭራሽ «የሌለ ቀን» ነው አሉ። ቀጣፊ ነሽ ማለታቸው ነው።

ኮንደንሰር የሚባለውን የቴሌቪዥን መለዋወጫ የሚሠሩት ፋብሪካዎች ናቸው ተመካክረው ዋጋ ያስወደዱት። ተከሰሱ፤ ለገዢዎች ካሳ ሊከፍሉም ተስማሙ። ከገዢዎቹ አንዷ እኔ ነኝ። ክሱ በሚለው ከ1981 እስከ 85 በእነሱ ኮንደንሰር ስንቱን ቴሌቪዥን ከሞት አስነሳሁ! አሁን ውሸታሟ እኔ ሆንኩ?

ያበገነኝ ደግሞ ሱቋ ናት። እዚህ አሜሪካ፣ ፌርፋክስ ሰፈር ያችን ጠባብ ሱቅ የሚያከራየው ሰውዬ እስከ ዓርብ ብቻ ነው የሚጠብቀኝ። ቀብዱን በካሳው ልከፍል ነበር። አለዚያ ዌስት አዳምስ፣ ሰው ጋራዥ ውስጥ፣ ከሳር ማጨጃ ጎን ቴሌቪዥን ስፈታ መኖሬ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥር 5

ጋሼ ይመር ሬዲዮናቸውን ሊወስዱ መጡ። ደሴ ጎረቤታችን ነበሩ፤ አሁን ዌስትቼስተር ለአንድ ሆቴል እንግዳ ያመላልሳሉ። ፊቴን አይተው «ምን ሆነሻል ፋጡማ?» አሉ።

«ሪጀክት አደረጉኝ፣ ጋሼ» አልኩና የሞላሁትን ፎርም ቅጂ አነበብኩላቸው። 1974፣ 1975፣ 1976…

«ቆይ ቆይ፣ ይሄ በማን አቆጣጠር ነው? በፈረንጅ ከሆነ ያኔ ደሴ ዩኒፎርም ለብሰሽ ትማሪ ነበር እኮ! ኮንደንሰሩን በሕልምሽ ነው የገዛሽው?»

ክው አልኩ። ሻጩ በካሽ ስከፍለው ደረሰኙ ላይ ቀን አይጽፍም፤ ጥጉ ላይ የምጽፈው እኔ ነኝ። ወሩን እንደ አሜሪካኖቹ አስቀድሜ፣ አቆጣጠሩን ግን በእኛ! ፎርሙንም ከዚያው ገለበጥኩ። «የሌለ ቀን» ያሉትም 13/3/75 ነው። ጳጉሜ ሦስት!

መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ ዕንባዬ። ምን ዓይነት ጅል ነኝ?

ረቡዕ፣ ጥር 6

ካሳውን የሚያጣራው ቢሮ ደወልኩ። ያነሳችው ሴትዮ ትሑት ናት። ዓመታችን ከእናንተ ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ነው ስላት ይቅርታ፣ ድገሚልኝ አለች። ወራችን አሥራ ሦስት ነው ስላትማ ሦስቴ አስደገመችኝ። በኋላ፣ ማስረጃ ካለሽ ነገ ይዘሽ ነይ አለችኝ።

የእኛም የእነሱም ቀን ያለበት ካላንደር ያስፈልገኛል። ያውም የድሮ። እትዬ ሩቅያ ትዝ አሉኝ፤ የቅመም ሱቃቸው ለደንበኛ በየዓመቱ ካላንደር ያድላል። በረርኩ።

«አሮጌውን ማን ያስቀምጣል ልጄ?» አሉና፣ ትንሽ አስበው የቅመም መደርደሪያውን ማራገፍ ጀመሩ። ለካ ያነጠፉት እሱኑ ነው! የ75ቱ ከበርበሬው ጣሳ ሥር ወጣ። ጳጉሜ 3፣ ሴፕቴምበር 8። ቀልቷል፣ ግን ይነበባል። አቅፌ ሳምኳቸው።

ሐሙስ፣ ጥር 7

ዳውንታውን ያለው ቢሯቸው ሄጄ አስረከብኩ። ሴትዮዋ ካላንደሩን ስትዘረጋው ሁለቴ አስነጠሰች። በርበሬው ነው። አፍሬ መሬቱን አየሁ። እናጣራለን አለች፤ ፊቷ ላይ እሺም እምቢም የለም። ነገ ዓርብ ነው፣ ሰውዬው አይጠብቀኝም። ራት አልበላልኝ አለ።

ዓርብ፣ ጥር 8፣ ጃንዋሪ 16

አልሐምዱሊላህ!

ጠዋት ደወለች። የጳጉሜውን ደረሰኝ ቁጥር ከሻጩ መዝገብ ጋር አመሳክራው፣ ሴፕቴምበር 8፣ 1983 ሆኖ አገኘችው። ቁርጥ እንደ እትዬ ሩቅያ ካላንደር። የሌሎቹም ቁጥር ተገኝቷል። «13 የሚለው የጽሕፈት ስሕተት መስሎን ነበር» አለች እየሳቀች፣ «ለካ በማን አቆጣጠር እንደጻፍሽ የነገረን እሱ ነው»። ስንት እንደሚደርሰኝ ገና አይታወቅም። የተቀበሉበትን ደብዳቤ ግን ሮጬ አመጣሁ።

የሱቁ ባለቤት ደብዳቤውን ሁለቴ አነበበው። ግማሹን ቀብድ ከቁጠባዬ ዛሬ፣ ግማሹን ቼኩ ሲመጣ ተባባልን። ቼኩ ቢያንስስ? እንጃ። ጋሼ ይመር ሥራ አያሳጡኝም፤ ሬዲዮናቸው ዛሬም ይንጫጫል።

ውሉ ላይ ፈረምኩ። ቀን የሚለው ቦታ ላይ 5/8/79 ብዬ ከጻፍኩ በኋላ ነው የባነንኩት! ሰርዤ 1/16/87 አልኩ።

ሰውዬው አየኝ። ቀኑ ጠፋሽ ወይ አለኝ።

አልጠፋኝም፣ ሁለት ነው ያለኝ አልኩት። ምንም አልገባውም። ቁልፉን ግን ሰጠኝ።