የልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ሌላው ፊት

ትርንጎዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ካርዱ ላይ የምታዪው እዚህ ጣልያን የምኖርበት መንደር ልብስ ማጠቢያ ነው። ባለፈው ሳምንት ግንበኛው ናዛሬኖ ሊጠግነው ብሎ፣ ልብስ የምናሽበትን ትልቁን ድንጋይ ሲገለብጠው ከሥሩ ጽሑፍ ተገኘ። ቄሱ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። የሮማውያን ዘመን የመቃብር ድንጋይ ኖሯል፤ ፕሪማ የምትባል፣ በሃያ ሁለት ዓመቷ የሞተች ሴት። ጠርዙ ላይ የበር ማጠፊያ ቀዳዳ ስላለ ናዛሬኖ፣ «በኋላ የቤተ ክርስቲያን ደፍ ሆናለች» አለ። ቤተ ክርስቲያኑን የመሬት መንቀጥቀጥ ሲጥለው ነው ወደ ውሃው ያመጧት። እኛ አገር መቃብር የረገጠ ይሰደባል፤ እነዚህ ግን ረግጠዋትም አጥበውባትም ማንም አልደነገጠም።

ቄሱ፣ «ለከተማው ሙዚየም እንንገር» ሲሉ እኔ የምንከባከባቸው የዘጠና ዓመት አሮጊት፣ ሲኞራ ኤርሲሊያ፣ በከዘራቸው ድንጋዩን መታ መታ አደረጉ። «ወጣቱ ሁሉ ከተማ ገብቶ ቀረ፣ አባ። እሷንም ሊልኩብን ነው? ናዛሬኖ፣ መልሰህ ድፋት።»

ተደፋች። ከሰዓት በኋላ ከሲኞራ ጋር አንሶላ ይዘን ወረድን።

«አሁን የመንደሩ ሰዎች ስንት ሆንን?» አልኳቸው እያሸሁ።

«ሠላሳ አንድ ነበርን። ከፕሪማ ጋር ሠላሳ ሁለት።»

«እኔስ አለሁበት? እዚህ ከመጣሁ አሥራ አንድ ዓመቴ እኮ ነው።»

«አንቺ ቆይ፤ ገና ልብስ አልታጠበብሽም» አሉኝ።

ቦታው አለቀብኝ። እትዬ ጥሩወርቅን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ ልጆቹንም።

ገና ያልተቆጠረችው፣ የሺ