የወንድምሽ ዲስኮችና የሰው አደራ

ይድረስ ለልጄ ለኑኃሚን።

ኑኃሚንዬ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ወገብሽስ ተሻለሽ? ባልሽ በዕውቀቱስ ሥራው ቀለል አለለት ወይ? ኬብሮን ጥርስ አወጣ ብለሽኝ ነበር፣ አሁንማ ሳይነክስሽ አይቀርም። የዚያን አገር ብርድ እመቤቴ ልደታ ታብርድላችሁ። እኔ ደህና ነኝ። እግሬ ደረጃው ላይ ይለግምብኛል እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም። ወንድምሽ ካረፈ ወዲህ ደህና ነኝ ያልኩሽ ሁሉ እንዳታስቢ ብዬ ነበር፤ የዛሬው ግን እውነት አለበት። በስልክ ልነግርሽ ስጀምር እንባዬ እየቀደመኝ ተቸገርኩ። ሺፋ ማክሰኞ ወደ እናንተ ስለሚመለስ ቀስ ብዬ በወረቀት ላድርገው አልኩ።

በሺፋ እጅ የላክሽው የቪዲዮ ማስቀመጫ ዕቃ ሥራውን ሠርቷል። ወንድምሽ ተክለኣብ የሰው ሰርግ የቀረጸባቸው ዲስኮች ላይ ያለው በሙሉ እሱ ውስጥ ተገልብጧል።

ዲስኮቹን እስከ ዛሬ ማንንም ያላስነካሁት ፈርቼ ነው። ፊቱ በፎቶ አለኝ። ድምፁ ግን ካሜራ ይዞ ከኋላ ሲናገር የተቀዳው ብቻ ነው። ዕቃ ከቤት ወደ ቤት ሲጓዝ መንገድ ላይ እንደሚሰበረው፣ ይሄም ቢሰበር ምን ይቀረኛል እያልኩ ቁም ሳጥኑን ቆልፌ ተቀመጥኩ።

የሰው አደራም ነበረበት። ከእኛ በታች ያለችው ጎረቤታችን ወይዘሮ ለተ ሚካኤል የልጇ የሃኒ ሰርግ ቪዲዮ ሳይደርሳት ነው ወንድምሽ ያረፈው። አልቅሳልኛለች፣ ሠልስት አብራኝ ውላለች፣ ስለ ቪዲዮው ግን ትንፍሽ አላለችም። በዚህ መካከል ባሏም አረፉ። ልጃቸውን ሲመርቁ የሚታዩት እዚያ ላይ ብቻ ነው። ከተክለኣብ ሙት ዓመት በኋላ ደረጃ ላይ አቁማ ጠየቀችኝ፤ እኔ ዛሬ ነገ እያልኩ አጉላላኋት። ከዚያ ወዲያ ስንተላለፍ ሰላምታዋ ቀዘቀዘ። አልፈረድኩባትም። ልጄ የሰው አደራ ይዞ ሄደ መባሉ ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

በመጨረሻ ፍሬምናጦስን ጠራሁት። ጌጃ ሰፈር ስቱዲዮ ከወንድምሽ ጋር ይሠራ የነበረው ነው። ዕቃሽን ከቴሌቪዥኑ ሥር አስቀምጦ ከዋይፋዩ ሳጥን ጋር በገመድ አገናኘው። ውስጡ ሁለት ዲስክ አለ፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ነገር ስለሚይዙ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል አለኝ። የልጄ ድምፅ ወደዚህ ሲገባ ከድሮው ይጠፋል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። «እማማ፣ እንደ ጧፍ ይቁጠሩት። አንዱን ከአንዱ ሲለኩሱ የፊተኛው ይጠፋል እንዴ?» አለኝ። ይሄን ጊዜ ቁልፉን ሰጠሁት።

መሐል ላይ መብራት እልም ሲል አለቀልኝ አልኩ። እሱ ግን ዳቦውን እየገመጠ፣ ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል አለ፤ እንዳለውም ሆነ።

የመጨረሻው ዲስክ ግን እምቢ አለ። ገመዱ የሚሰካበት ዝጓል። ውኃ ነክቶታል ወይ ብሎ ጠየቀ። እኔ አላውቅም አልኩ። አክስትሽ ኮከቤ ሶፋው ላይ ነበረች፤ በነጠላዋ አፏን ሸፈን አድርጋ፣ «ጠበል ረጭቼበታለሁ። የልጁ ዕቃ ሁሉ ሲረጭ እሱ ብቻ ምን በደለ?» አለች። ረጭታም በፌስታል ቋጥራ ነው መልሳ ያስቀመጠችው። ፍሬምናጦስ ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ ጠበሉስ ባልከፋ፣ ያፈነው ፌስታሉ ነው አላት። ሽፋኑን ፈቶ ዲስኩን ብቻውን አወጣና በሌላ ሽፋን አድርጎ ሰካው። ኮከቤ ውዳሴ ማርያም ጀመረች።

ተከፈተ፣ ልጄ። ያውም የሃኒ ሰርግ ነው።

ለተ ሚካኤልን አስጠራኋት፤ ነጠላ ጫማዋን አዟዙራ አድርጋ ነው የመጣችው። ቪዲዮው ላይ ባሏ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሃኒ ጉልበታቸውን ስማ ሊመርቋት ሲጀምሩ ሳግ ያዛቸው። ሰው ተንጋግቷል፣ መኪና ጡሩምባ ይነፋል፣ ሽማግሌው ልተወው ብለው እጃቸውን አነሱ። ከካሜራው ኋላ ወንድምሽ፣ «አባቴ፣ አይቸኩሉ። እኔ እጠብቃለሁ» አላቸው። ጠበቃቸው። እሳቸውም እንባቸውን ጠርገው እስከ መጨረሻው መረቁ።

ለተ ሚካኤል እጄን ይዛ፣ «ልጅሽ ባይታገሣቸው ይሄ ምርቃት አልነበረንም» አለችኝ። አብረን አለቀስን፤ የዚያን ቀኑ ልቅሶ ግን እንደ በፊቱ አላቃጠለኝም። የእሷን ቪዲዮ በፍላሽ ይዛ ወረደች። ሌሎቹም ባለ ሰርጎች እየተጠሩ ይወስዳሉ።

ፍሬምናጦስ ከዚያ ሆነሽ በስልክሽ እንድትከፍቺው አስተካክሎልሻል። ብቻሽን ግን አትክፈቺው፣ በዕውቀቱ አጠገብሽ ይሁን። ለኬብሮንም የአጎቱን ድምፅ አሰሚልኝ።

በዕውቀቱን በርታ በይልኝ። ኬብሮንን ሁለት ጉንጩን ሳሚልኝ። ኮከቤ ሰላም ብላሻለች፤ የጠበሉን ነገር እንዳትጽፊ ብላኝ ነበር። ለተ ሚካኤልም ከነሃኒ ሰላም ይሉሻል።

የድሮዎቹን ዲስኮች ፍሬምናጦስ ምን ላድርጋቸው ብሎ ጠየቀኝ። ሁሉም በደህና መግባቱን አጣርቶ፣ ያለባቸውን አጥፍቶ ሌላ ሰርግ እንዲቀርጽባቸው ሰጠሁት።

እናትሽ ሀረገወይን
ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.