የዋሴ ስድስት ጎራሽ ለእህቱ እንድትሰጥ

እኔ ዕፀገነት ዋሴ፣ ዕድሜዬ አሥራ ሰባት ዓመት የሆነ፣ የደባርቅ ነዋሪ፣ ዛሬ መጋቢት 12 ቀን 2005 ዓ.ም. በአባቴ እህት በአክስቴ በሸጊቱ አድማሱ ቤት ሆኜ፣ ልቤ ቢታመምም አእምሮዬ ጤነኛ ሆኖ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ የሚከተለውን ተናዝዣለሁ። ሰው ፊት መናገር ስለማይሆንልኝ ቃሌን እዚሁ ራሴ እየጻፍሁ ለጓደኛዬ ለሊድያ እሰጣታለሁ፤ እርሷም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ለምስክሮች ታነብባለች። በመካከል የተባለውንም ጽፌዋለሁ፤ ኋላ እንዲህ አልተባለም እንዳይባል።

ነገ ማለዳ ወደ ጎንደር፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ እሄዳለሁ። ሐኪሙ «የልብሽ በር ጠቧል፤ ተከፍቶ መጠገን አለበት» ብሎኛል። እድናለሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ባልድን ግን ከኔ የሚቀረው ነገር ወንድምና እህት እንዳያጣላ እፈልጋለሁ።

ለምስክርነት የተቀመጡት የንስሐ አባቴ ቄስ ዘመነ፣ ጎረቤታችን እማሆይ አመተ ማርያም፣ እንዲሁም ቀድሞ በማኅበራዊ ፍርድ ቤት ይሠሩ የነበሩት አቶ ያርጋል ናቸው። አራተኛ ሰው ያስፈልጋል። የአባቴ ታናሽ ወንድም ጋሼ ገዱ ከዳባት መጥቶ በሩ አጠገብ ተቀምጧል፤ ግን ምስክር አልሆንም ብሏል። አቶ ያርጋል እንዳስረዱን፣ ምስክር የሆነ ሰው ከኑዛዜው አንዳች መውሰድ አይችልም። ጋሼ ደግሞ የአባቴን ሽጉጥ ይፈልጋል። ሌሎቹ ጎረቤቶች ከእርሱ ጋር ላለመቀያየም ቀርተዋል። አራተኛው ፊርማ ከጎደለ ይህ ጽሑፍ ዋጋ የለውም፤ ሽጉጧም «የወንድ ናት» ወደሚለው ወደ ጋሼ ወገብ መሄዷ ነው።

ቀላል ቀላሉን ላስቀድም።

የትምህርት መጽሐፎቼንና ሰማያዊ ሹራቤን ለሊድያ ሰጥቻለሁ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ሳቋርጥ፣ የተማረችውን እየመጣች ትነግረኝ ነበር፤ ለምን ቀረሽ ብላ ግን አንድም ቀን አልጠየቀችኝም። (ሊድያ እዚህ ላይ ድምፅዋ ተቋረጠ። እማሆይ «ቀጥይ ልጄ፣ ለማልቀስ ጊዜ አለን» አሏት።)

በጌን ከነግልገሏ ለደረስጌ ማርያም ሰጥቻለሁ። አባቴ ተስሎ ስለቱን ሳያደርስ ስለ ሞተ፣ ዕዳው በኔ ላይ ነው። እማሆይ ምስክር ስለሆኑ ምንም አልተውሁላቸውም፤ ይቅር ይበሉኝ።

«እኔ ደግሞ በጉን ልታቀምሰኝ ነው ብዬ ነበር» አሉ እማሆይ። ቄስ ዘመነ «በጾም!» ብለው ሳቁ። ጋሼ ገዱ ግን አልሳቀም።

አሁን ስለ ሽጉጧ።

አባቴ በአልጋው ላይ ሆኖ «የዕፀገነት ናት» ብሎ የሰጠኝን ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ፣ ከነአፎቷና ከነጥይቶቿ፣ ለአክስቴ ለሸጊቱ አድማሱ ሰጥቻለሁ። ወረዳ ሄዳ ፈቃዱን በስሟ ታዙር።

ጋሼ ተነሣ። «ሴት ልጅ ሽጉጥ ታጥቃ ነጭ ሽንኩርት ልትሸጥ?»

«ባዶ እጄን ስሸጥስ የት ነበርህ?» አለችው እትዬ ሸጊቱ።

ምክንያቴን እጽፋለሁ። ከመካነ ብርሃን ደባርቅ ያለውን የእግር መንገድ አባቴና እትዬ በቅሎ እየነዱ አብረው ይመላለሱበት ነበር። እርሱ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት። ባለፈው ኅዳር ወንዙ ማዶ ጭነቷን ቀሙአት፤ በቅሎዋንም መቱባት። እትዬ ሌላ ሙያ የላትም፤ ያን መንገድ ካልሄደች ይህ ቤት አይቆምም። ከነገ ጀምሮ ደግሞ ቤት ሆኖ የሚጠብቃት ሰው የለም።

ሽጉጧ ደግሞ ለመንገድ የተሠራች ናት። መልኳ አያምርም። ቀለሟ ለቋል፤ እጀታዋን አባቴ ከወይራ ጠርቦ ነው የሠራላት። ግን በየቀኑ ለሚይዛት ሰው እንደ እርሷ ያለ አላየሁም። ጥይት መጉረሷ ከጎኗ በዓይን ይታያል፤ አለ የለም ብሎ መጨነቅ የለም። ምላጯ ከበድ ስለሚል ሳያስቡት አትተኩስም። አንዱ ጥይት እምቢ ቢል ምላጩን ደግሞ መሳብ ነው፤ ከበሮዋ ዞሮ ሌላውን ያቀርባል። ሞላዋ በተሰበረ ጊዜ ደባርቅ ገበያ ያለው ቁልፍ ሠሪ ከአሮጌ መጋዝ ብረት ቆርጦ ሞርዶ ሠራላት፤ ቡና ሳይፈላ ጨረሰ። አባቴ ማታ ማታ በእሳቱ ዳር ፈታትቶ በጨርቅ ሲጠርጋት አጠገቡ እቀመጥ ነበር። ብዙ አናወራም። ብሎኖቹን እኔ በመዳፌ እይዝለታለሁ። አንድ ቀን «ለምን እንደ ጋሼ ያለ አዲስ አትገዛም?» አልሁት።

«ይችን እኔው እፈታታለሁ፣ እኔው እገጥማታለሁ። ያ ሲታመም የት ልውሰደው?» አለኝ።

ሐኪሙ ስለ ልቤ ሲነግረኝ ይህ ነበር ትዝ ያለኝ። እኔንም ወዴት እንደሚወስዱኝ እትዬና ሐኪሙ ሲጨነቁ አየሁ። የኔም ልብ በሁለት ብሎን ተፈትቶ፣ በጨርቅ ተጠርጎ፣ እዚሁ ደባርቅ ቢገጠም ብዬ ተመኘሁ።

ጋሼ ባለ ካርታውን፣ ጥይቱን በእጀታው በኩል የሚጎርሰውን አዲሱን ሽጉጡን ጎንደር ገዝቶ በመጣ ጊዜ በጣም ያብለጨልጭ ነበር። ከአባቴ ጋር መካነ ብርሃን ሲወርዱ ጅቦች በቅሎዋን ከበቡ። ጋሼ አንዴ ተኮሰና «ጥይቱን ነከሰብኝ፣ አልተኩስ አለ!» ብሎ ጮኸ። አባቴ «እንግዲያ ድንጋይ አንሣ!» አለውና የራሱን መዘዘ። የመጀመሪያው ጥይት አልተነሣም፤ ደገመና ሰማይ ላይ ተኮሰ። ጅቦቹ ሸሹ፤ ሁለቱ ወንድማማቾችም እየሳቁ ገቡ። ይህን አባቴ ደጋግሞ ሲናገር ጋሼም አብሮ ይስቅ ነበር።

ሊድያ ይህን ስታነብ ጋሼ «አቧራ ነው ያስነከሰው!» አለ።

«አቧራውማ የሁለታችሁም ነበር» አሉት ቄስ ዘመነ።

«አባ፣ እርስዎም?»

«እኔ የሰማሁትን ነው፣ ልጄ።»

እማሆይ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

ጋሼ ቁጭ አለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለቅሶው ላይ በአደባባይ ይዤ ያለቀስሁባት እኔ ነኝ። አገር አይቷል። የወንድሜ ጠረን አለባት» አለ። ከዚያም «ደግሞስ ይቺ ሴት ብትቆሽሽ፣ ብትበላሽ ምን ታውቃለች? እጇ ሽንኩርት መላጥ ነው የሚያውቅ» አለ።

እትዬ ሸጊቱ ተነሣች። ሽጉጧን አምጥታ በበሩ ወደ ብርሃኑ ወጣች፤ አፈሙዟን ወደ ባዶው ጓሮ አድርጋ ጥይቶቹን አንድ በአንድ አወጣችና በእማሆይ መዳፍ ላይ አኖረቻቸው። በቢላዋ ጫፍ ብሎኖቹን ፈታች፤ ከበሮውን አወጣች፤ በመቀነቷ ጫፍ ጠረገች፤ መልሳ ገጠመች። እኔ ነኝ ያስተማርኋት፤ አባቴ እኔን እንዳስተማረኝ። ከበሮው ሲዞር የሚያሰማው ድምፅ ያው የጥንቱ ነበር። ጋሼ ከእጇ ላይ ዓይኑን አላነሣም።

«ወንዙ ማዶ የቀሙሽ ጊዜ ለምን አልነገርሽኝም?» አላት።

«ያን ጊዜም ሽጉጡን ስጭኝ ነበር የምትለው።»

 ሊድያ ወረቀቱን አንሥታ ማንበቧን ቀጠለች።

ሽጉጧን በሚመለከት ምክሬ ይህ ነው፦ በሰርግ አትተኮስ፤ በጠብ አትመዘዝ፤ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ቤት ትቀመጥ። አባቴ በዕድሜው ሙሉ ይዟት ሰው ላይ አላነጣጠራትም፤ ይህን ስሟን ጠብቁላት።

ለጋሼ ገዱ በዚህ ኑዛዜ ምንም አልተውሁለትም። ስለምጠላው አይደለም። በልጅነቴ ሰው ሲበዛብኝ ትከሻው ላይ አውጥቶ ከግርግሩ የሚያወጣኝ እርሱ ነበር። በኑዛዜ ብሰጠው ምስክር መሆን አይችልም፤ እኔ ደግሞ ለአባቴ ቃል ከእርሱ የተሻለ ምስክር አላውቅም። ስለዚህ አሁን በሕይወት ሳለሁ፣ በእጄ፣ ከኑዛዜው ውጭ የአባቴን ካፖርት ሰጥቼዋለሁ። ቀኝ ኪሱ በሽጉጧ ቅርፅ ተፍቆ ሳስቷል። ጠረኑ ያለው እዚያ ነው፤ ሽጉጧማ የቅባት ሽታ እንጂ ሌላ የላትም።

(ይህን ሊድያ እያነበበች ተነሥቼ ካፖርቱን በእጄ ሰጠሁት። ፊቱን ቀበረበት። ቆይቶ «አቶ ያርጋል፣ የት ላይ ነው የምፈርመው?» አለ። እርሳቸውም «ከፈረምህ ሽጉጧ ቀረችብህ፣ አስብበት» አሉት። «አይቻት የለም እንዴ ስትገጥማት! እስክሪብቶውን ይስጡኝ» አለ።)

ከዚህ በላይ ያለው በሙሉ እኔ ባለሁበት፣ አራቱም ምስክሮች በአንድነት በተገኙበት ተነብቦ ቃሌ መሆኑን አረጋግጫለሁ። እግዚአብሔር ከመለሰኝ ሽጉጧን ለእትዬ እኔው እጠርግላታለሁ።

ተናዛዥ፦ ዕፀገነት ዋሴ (ፊርማ)

ምስክሮች፦
ቄስ ዘመነ ተገኘ (ፊርማ)
እማሆይ አመተ ማርያም (የጣት አሻራ)
ያርጋል ውበቱ (ፊርማ)
ገዱ አድማሱ፣ የዋሴ ወንድም (ፊርማ)፤ ካፖርቱን እንደ ለበሰ ፈረመ።