ጎፓል ያልቀመሰው ምግብ

ዲሴምበር 1

ጎፓልን ቀሰቀስኩት፣ አጠብኩት፣ ሹራቡን አለበስኩት። ስንዝር የማይሞላ የነሐስ ምስል፣ አምላካችን ክሪሽና በሕፃንነቱ... ግን ብርድ ይፈራል። የሚስቅ ይሳቅ። እናቴም አማቴም ክሪሽናን እንደ ልጃቸው ሲያሳድጉ ነው ያረጁት። እኔም ያው።

ምሳውን አቀረብኩለት። እሱ ሳይቀምስ በዚህ ቤት ማንም እህል ቀምሶ አያውቅም።

ዲሴምበር 4

ልጄ ሺውሊ ከወንዙ ማዶ ደወለች። ሰባተኛ ወሯን ይዛለች።

"እማ፣ ያንቺ ፓየሽ አማረኝ።"

የእኔ ፓየሽ! ወተትና ሩዝ፣ አዲሱ የተምር ስኳር ሲገባበት። የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። ነይና ብዪ ስላት ድምጿን ዝቅ አደረገች። ከዚያ...

"ለጎፓል ካላቀረብሽው።"

ሳላቀርብ? ለገዛ ልጄ፣ አምላክ ያልቀመሰውን? ለውሻ እንኳ አልሰጥም።

ዳንኤልን አግብታ ክርስቲያን ከሆነች አራት ዓመት ሆናት። በቤተ ክርስቲያኗ "ለጣዖት የቀረበ አትብሉ" ብለዋታል። ከዚያ ወዲህ ስትመጣ ውሃ ብቻ ጠጥታ ነው የምትሄደው። እኛ ዘንድ በሰባተኛው ወር እናት ያረገዘች ልጇን ያማራትን ታበላለች። ወጉስ ይቅር ግድ የለም። እኔ ግን ከመውለዷ በፊት አንዴ በእጄ ላጎርሳት እፈልጋለሁ። አምሮቱ የእሷ ነው የእኔ?

ዲሴምበር 9

ጎሳይ መጡ፣ የቤታችን መምህር። ሰማንያ አልፏቸዋል፤ ጆሯቸው የፈለገውን ብቻ ይሰማል።

"ባባ፣ የሺውሊ ጌታ ኢየሱስ እኛ ዘንድ ማን ነው?" አልኳቸው።

መቁጠሪያቸውን ሳያቋርጡ፣ "ልጅ ነኝ አለ እንጂ አባት ነኝ አላለም። የአባቱን ስም ሲጠራ ኖሮ ሲጠራ ሞተ። ለገዳዮቹም ምሕረት ለመነ። ከዚህ ወዲያ ምን ዓይነት የአምላክ ወዳጅ ትፈልጊያለሽ?" አሉ።

"ታዲያ ምስሉን ባመጣ የት ላስቀምጠው?"

"ከቀደሙት መምህራን ምስል ጋር። ከጎፓል ዝቅ አድርገሽ።"

ቢናፓኒ፣ የባሌ እህት፣ ከጓዳ ጣልቃ ገባች። "ዝቅ ምን ያደርገዋል? እሱም ራሱ አምላክ ሰው ሆኖ የወረደ ነው የሚሉ አሉ! ሦስት መቶ ሠላሳ ሚሊዮን አማልክት የቻለ ቤት ለአንድ እንግዳ ይጠበዋል?"

ጎሳይ አልሰሟትም። ወይም...

ዲሴምበር 12

መላ መጣልኝ! ሺውሊ እምቢ ያለችው የጎፓልን ትራፊ ነው። የራሷን ጌታ ትራፊ እንዴት እምቢ ትላለች? ሠላሳ ዓመት ትምህርት ቤት ካርታ ሳስተምር ኖሬ እንዲህ ያለ አቋራጭ እንዴት ጠፋኝ?

ሸክላ ሠሪው ኒማይ ጋ ሄድኩ። ለክርስቲያኖቹ ገና ሱቁን በኢየሱስ ምስል ሞልቶታል። አንዱ ጋጣ ውስጥ የተኛ ሕፃን፣ አንዱ በግ የተሸከመ፣ አንዱ መስቀል ላይ።

"የቱን ልስጥዎት እትዬ?"

የመስቀሉን አንስቼ መልሼ ማስቀመጥ አቃተኝ። ራቁቱን፣ በዚህ ብርድ! እናቱ የት ነበረች? አልኩት። "ቆማ ታይ ነበር ይላሉ" አለኝ። ቆማ... ያንን ገዛሁት።

ዲሴምበር 13

ሹራብ ልሠራለት ነበር። እጆቹ ተዘርግተው ከእንጨቱ ጋር ስለተያያዙ አልሆነም። ሰማያዊ ሻርፕ ሠራሁለት።

ዲሴምበር 16

ሺውሊ መጣች።

ምኑን ልጻፈው? ሻርፑን አየች። ግንባሩ ላይ የቀባሁትን የሰንደል እንጨት ቅባት አየች። ከሥሩ ፓየሹን አየች። እኔ ሞኝ፣ ደስ ይላታል ብዬ ፊት ፊቷን አያለሁ።

"እማ፣ አውርጂው።"

"ያንቺው ጌታ እኮ ነው! ጎፓል አልነካውም፣ ለእሱ ነው ያቀረብኩት።"

"ጌታ አሻንጉሊት አይደለም!"

"ጎፓልስ አሻንጉሊት ነው?" ብዬ ጮህኩባት። ያረገዘች ልጄ ላይ!

አለቀሰች። "አንቺ ጥግ ሰጠሽው፣ እማ። እኔ ቤቱን ሙሉ ነው የሰጠሁት። ከማንም ጎን አይቀመጥም።"

ውሃ እንኳ ሳትጠጣ ሄደች። ፓየሹን ቢናፓኒ በላችው። ይጣፍጣል አለች። 

ዲሴምበር 17

አልደወለችም።

ዲሴምበር 20

አልደወለችም። ምስሉን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። ይቅርታም ጠየቅኩት... ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

ስኮራ ነበር ለካ። የእኔ በር ሰፊ ነው፣ ማንም አምላክ ቢመጣ ይገባል እያልኩ። እሷ መቼ ሰፊ በር ጠየቀችኝ? የጠየቀችው አንድ ሳህን ፓየሽ ነው። ናፈቀችኝ። ፓየሽ በልታ ስትጨርስ ጣቷን አንድ በአንድ መላሷ ናፈቀኝ።

ዲሴምበር 23

እኔው ደወልኩ። "ሳላቀርብ እሠራልሻለሁ። ነይ።"

"እውነት?"

"እውነት።"

"አንቺስ ምን ትበያለሽ?"

ጾም ነኝ ብዬ ዋሸሁ።

ዲሴምበር 27

ጎፓልን በጠዋት አበላሁት፤ መጋረጃውንም ሳብኩበት። በገዛ ማድቤቴ ሌባ ሆንኩ። ሩዝና ምስር አንድ ላይ፣ አበባ ጎመን፣ ፓየሽ። አርባ ዓመት ሳበስል ጨው ቀምሼ አላውቅም፤ ከአምላክ በፊት ምላስ አይነካውም። ዛሬ ቀመስኩ።  ጨዉ በዝቷል! ስንት ዘመን ይህን ሲበላ ኖረ ጎፓል? ምስኪን።

ሺውሊ ተቀመጠች። ዓይኗን ጨፍና ጸለየች። ከዚያ በላች። በላች! ደግሞ ጨምሪልኝ አለች። በእጄ ሳጎርሳትም እምቢ አላለችም። እኔ ሳህን ሳላቀርብ ተቀምጬ አያታለሁ።

"ጾም አይደለሽም" አለችኝ። "ያልቀረበ ስለማትበዪ ነው።"

  ከሳህኗ ጭብጧን ሞልታ ዘረጋችልኝ።

"ቅድም ስጸልይ እኮ ለጌታ ሰጥቼዋለሁ" አለች፣ ቀስ ብላ።

ጎሳይ ስለ ጌታዋ ምን ነበር ያሉት? የአምላክ ወዳጅ። እንዲህ ያለው የቀመሰው እኛ ዘንድ በረከት ነው፤ ማን እምቢ ይላል? እሷ የእኔን መብላት አትችልም። እኔ ግን የእሷን እችላለሁ። ይህን ሁሉ ቀን ለምን አልታየኝም?

አፌን ከፈትኩ። አጎረሰችኝ። ጨው መብዛቱን ሁለታችንም አላነሳነውም።

ጃንዋሪ 4

ወሬ ቢናፓኒ ሆድ ውስጥ አያድርም። ጎሳይ በጠዋት መጡ።

"ለጎፓል ያልቀረበ በላሽ አሉ።"

"ለሌላው ቀርቦ ነው፣ ባባ።"

"ማን አቀረበው?"

"ሺውሊ። ትናንትም መጥታ ነበር።"

መቁጠሪያቸውን ብዙ ቆጠሩ። ሊገሥጹኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

"የተረፈ አለ?" አሉኝ።

አንድ ማንኪያ ፓየሽ ሰጠኋቸው። ግንባራቸውን አስነክተው በሉት።

ጃንዋሪ 17

እሑድ። ሁለት ድስት ጣድኩ፣ እንደ ሰሞኑ። የጎፓል በጠዋት፣ የእኛ ቀትር ላይ። ጨው መቅመስ ለመድኩ።

ሺውሊ ሆዷ ገፍቷል፣ እየተነፈሰች ነው የገባችው። ሁልጊዜ ጀርባዋን ለጎፓል ሰጥታ ነው የምትቀመጠው። ያንገበግበኛል። በልጅነቷ "ወንድሜ" ነበር የምትለው፤ ጣፋጭ ስታገኝ ግማሹን ለእሱ ነበር የምታስቀምጠው። አሁን ክንዷ ክንዴን እየነካው ትናፍቀኛለች። ይህን ለማን ይነግሩታል?

ዛሬ ጮክ ብላ ጸለየች። ስለ ሕፃኑ፣ ስለ ዳንኤል። ከዚያ ቀጠለች... "የእናቴንም ልብ ወዳንተ መልስልኝ።"

ዓይኔን አልገለጥኩም። እኔም በየጠዋቱ ስለ እሷ ጎፓልን የምለምነው ይህንኑ ነው፣ በዚሁ ቃል።

የሁለታችንም አልተሰማም። ድስቱን ግን ጨረስነው።